በሩን ያልከፈተው ሐኪም

ጥላዬ ሰኞ ማለዳ የእርባታ ጣቢያውን ላሞች አልቦ ሲጨርስ የላቦራቶሪው በር አሁንም እንደተዘጋ አየ። ትናንት ማታም ተዘግቶ ነበር። የከብት ሐኪሙ ዶክተር ተገኘ ሥራ ላይ እያለ ያንኳኳ ሰው ስድቡን ጠጥቶ ስለሚመለስ ማንም አያንኳኳም። ዛሬ ግን ነገሩ አላማረውምና በትከሻው ገፋው። ከሥር የተወተፈው ጨርቅ እየተንሸራተተ በሩ ተከፈተ። ዶክተሩ ከበርጩማው ወርዶ፣ ጀርባውን ለጠረጴዛው እግር ሰጥቶ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። በቀኝ እጁ የክብሪት ቀፎ ጨብጧል።

«ዶክተር፣ ነጋ እኮ» አለው ጥላዬ። ከዚያ እጁን ነካውና እየጮኸ ወደ ግቢው ሮጠ።

ሻምበል ወልደኪዳን ከሆሳዕና መሐል ከተማ ወደ ፎንቆ መውጫ ድረስ በእግሩ መጣ። ወሩ ነሐሴ፣ ዘመኑ ሰባ ስድስት ነው። የፖሊስ ላንድሮቨር ቤንዚኑን ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ዝግጅት አስረክቦ ከቆመ ሰንብቷል፤ ስልኩም እንዲሁ የሚሠራው ሲፈልግ ነው። ሻምበሉ ከወሎ መጥቶ እዚህ አገር ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሹመት ያለፈው አንድም አለቃውን «ልክ ነዎት» ማለት ስለማያውቅበት ነው። ጫማውን የያዘውን ጭቃ በሩ ላይ እየፈገፈገ ሲረግም የጣቢያው ኃላፊ ጓድ ሀብቴ ቀድሞ ደረሰበት።

«ልብ ነው ሻምበል። ልቡ ነው የቆመው። አስከሬኑ ዛሬውኑ ዱራሜ ለቤተሰቡ ይሂድ። እንግዶች ሊመጡብን ነው።»

«የሞተ ሰው ሁሉ ልቡ ይቆማል ጓድ ሀብቴ። እስኪ ትንሽ ዞር ይበሉልኝ፤ ብርሃኑን ከልለውታል።»

ክፍሏ ጠባብ ናት። ሁለቱ መስኮቶች በብርድ ልብስ ተሸፍነው ጠርዛቸው በሚስማር ተመትቷል። በውጭው በር ሥር ጨርቅ ነበር። አንዲት እርከን ከፍ ብሎ ወደ ዕቃ ቤቱ የሚወስድ የውስጥ በር አለ፤ ከሥሩ ግን ክፍተቱ ባዶ ነው። ሻምበሉ በሩን ከፍቶ ሲያይ የዚያ ጨርቅ በዕቃ ቤቱ በኩል ተጥሏል። አነሳው፣ አገላበጠው።

ጠረጴዛው ላይ ያለው ፋኖስ ጠፍቷል። ላምባው ግን ከግማሽ በላይ ነው፤ ክሩም ወደ ላይ እንደወጣ ነው። ማንም አላጠፋውም። ወለሉ ላይ እፍኝ የሚሞላ የክብሪት እንጨት ተበትኗል። ሻምበሉ አንዱን አንስቶ ወደ በሩ ብርሃን አቀረበው። ጭንቅላቱ ጠቁሯል፣ እንጨቱ ግን ነጭ ነው። ሌላውም እንደዚያው። ሁሉም ተጭረው ብልጭ ብለዋል፤ አንዱም አልነደደም።

ማይክሮስኮፑ ሥር ክዳን ያላት ትንሽ የመስታወት ሳህን ነበረች። ሻምበሉ ብርድ ልብሱን ከመስኮቱ ገልጦ ጎንበስ አለ። ስድስት ጥቃቅን ክብ ነገሮች ታዩት፤ ስድስቱም ጥቁርና ጭምትርትር ያሉ። ፊት ለፊቱ ግድግዳው ላይ ዶክተሩ በእጁ የሣለው ትልቅ ወረቀት ተለጥፏል። በላይኛው ረድፍ ጥርት ያሉ ክቦች፣ ውስጣቸው እኩል እኩል የተከፋፈለ፤ ከአጠገባቸው «ይይዛል» ይላል። ቀጥሎ የተንሻፈፉና የተፈረፈሩ፤ «አያስተማምንም» ይላል። ከታች ጥቁር ጠብታዎች ብቻ፤ «ሞቶ ያደረ»።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ ሻምበሉ።

ጓድ ሀብቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሽል ነው፤ የላም ሽል። ከፈረንጇ ላም ከተጠቃች በሳምንቷ ታጥቦ ይወጣል፤ ከዚያ በአገር ላም ማሕፀን ይቀመጣል። የሀገር ላም የፈረንጅ ጥጃ ትወልዳለች ማለት ነው። ዶክተሩ ቡዳፔስት ነው የተማረው። የቱ እንደሚይዝ የቱ እንደማይይዝ መልካቸውን አይቶ ይናገራል፤ ክፍላቸው እኩል የሆነው፣ የጠራው፣ ያ ይይዛል ይላል።»

«እርስዎስ ለይተው ያውቃሉ?»

«እኔ ኃላፊ ነኝ» አለ ጓድ ሀብቴ።

ዕቃ ቤቱ ውስጥ የኮርማ ዘር በብርድ የሚቀመጥበት የፈሳሽ ናይትሮጅን ገንቦ አለ፤ ወገብ የሚደርስ የብረት ዕቃ። ባለፈው ሳምንት ሞልቶ ከአዲስ አበባ መጥቷል። አሁን ክዳኑ ወልቆ ባዶውን ቆሟል። ሆዱ ላይ በዶክተሩ እጅ በቀይ ቀለም እንዲህ ተጽፏል፦ «ዝግ ቤት ውስጥ አትክፈቱ። አየር ያሳጣል።» ሻምበሉ ይህን ሁለት ጊዜ አነበበው። ስለ ናይትሮጅን የሚያስረዳው ሐኪም ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ስልክ ቢያስደውል መስመር የለም ተባለ። አስከሬን የሚመረምር ሰው በዚህ አውራጃ የለም። በንዴት ባርኔጣውን ጠረጴዛው ላይ ጣለና ጥላዬን ጠራው።

«እሁድ ምን ነበር?»

«ማለዳ ላሟን ያዝኩለት። እሱ ፍሬውን አጥቦ አወጣ። ደስ ብሎት እያንጎራጎረ ነበር ጌታዬ፤ እኔ ያንን ሰውዬ ሲያንጎራጉር ሰምቼ አላውቅም። ‹ሂድ፣ በር የሚከፍት ሰው እንዳላይ፤ ብርድ ይገድላቸዋል› አለኝ። ሄድኩ።»

«ማታስ?»

«ማታ አለብኩ። በሩ ዝግ ነው፤ ይሰድበኛል ብዬ ፈራሁ።»

«የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ማን ማን ጋ ነው?»

«ዶክተር፣ ጓድ ሀብቴ፣ አዳቃዩ ሽብሩ።» ጥላዬ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቅዳሜ የሽብሩ ሚስት እዚህ መጥታ ነበር። ጵርስቅላ፣ አስተማሪዋ። እያለቀሰች ወጣች።»

ጓድ ሀብቴ ይህን ከበሩ ላይ ሰማ። ሻምበሉ ሲያየው ግን ነገሩ ከአፍ ወጥቶ ነበር።

«እርስዎ እሁድ የት ነበሩ?» አለው ሻምበሉ።

«እኔ? ኳስ ሜዳው ላይ ንግግር ሳደርግ! ከተማው በሙሉ እያየኝ!»

«ልክ ነው። እኔም በካፊያ ስደበደብ ከማለዳ እስከ ቀትር አዳምጬዎታለሁ። ፋኖሱ ላምባውን ሳይጨርስ ጠዋቱን ጠፍቷልና ከዝርዝሬ ሰርዤዎታለሁ፤ ከንግግርዎ ያገኘሁት ጥቅም እሱ ብቻ ነው።»

ሽብሩ ግራጫ ሱፍ ለብሶ፣ ዓይኑ ቀልቶ መጣ። ለላሞች የኮርማ ዘር የሚያስቀምጥ ባለሙያ ነው፤ በዚህ ጣቢያ ከዶክተሩ ቀጥሎ ማይክሮስኮፕ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። እንደ ወንድሙ እንደሚያየው ተናገረ፤ እንባውም እውነተኛ ነበር።

«ደክሞት ነበር ሻምበል። ገንቦውን ራሱ ሳይከድነው ረስቶ ይሆናል። ተስፋም ቆርጦ ነበር መሰለኝ። ያን ሁሉ ለፍቶ ከስድስቱ ሽል ሁለቱ ብቻ ነበሩ ደህና። አራቱ ፍርፍር ብለዋል።»

«መቼ አየሃቸው?»

«ዛሬ ጠዋት፣ አስከሬኑ ከተነሳ በኋላ። ጎንበስ ብዬ።»

«እሁድ ጠዋትስ የት ነበርክ?»

«ስብሰባው ላይ።»

«ከማን አጠገብ?»

ሽብሩ ወደ በሩ ዞር አለ። ጓድ ሀብቴ አለመኖሩን አረጋግጦ አንገቱን ደፋ። «እውነቱን ልንገርዎት፤ ግን አደራ። ጸሎት ላይ ነበርኩ። ቤተ ክርስቲያናችን ከታሸገ ወዲህ እሁድ እሁድ በእማማ ጣቢታ ቤት እንሰበሰባለን። እኔ ምድጃው ጎን ነበር የተቀመጥኩት። ይህን ከሰሙ ሁላችንም እስር ቤት ነን።»

«ሚስትህስ አብራህ ነበረች?»

«አልነበረችም» አለ። «ቁልፌም ቤት ነው የሚቀመጠው። እሷም ታገኘዋለች።» ከዚያ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ሻምበሉ ቢሮው ሲደርስ ጵርስቅላ ታስራ አገኛት። የቀበሌው ጥበቃ በጓድ ሀብቴ ትእዛዝ ከክረምቱ የመሠረተ ትምህርት ክፍሏ፣ ከተማሪዎቿ ፊት አውጥቶ አምጥቷታል። ዶክተሩ ወዳጇ ነበር፤ ቢከዳት ገደለችው፤ ነገሩ አለቀ ብሏል ከተማው ከምሳ በፊት። ሻምበሉ በአውራጃ ኃላፊዎች፣ በቀበሌው፣ በዝናቡና በራሱ ተናደደ። ያሰራት እሱ አይደለም፤ መፍታት ግን አይችልም።

ሴትዮዋ ሠላሳ አልሞላትም። ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ቢጫ ቀሚሷ በሁለቱ ጉልበቶች ላይ ጥቁር ቡናማ ነጠብጣብ ይዟል።

«እሁድ የት ነበርሽ ልጄ?»

«አልናገርም።»

«ባልሽ ጸሎት ላይ እንዳልነበርሽ ነግሮኛል።»

ጵርስቅላ ቀና አለች። ፊቷ ላይ የታየው ፍርሃት አልነበረም፤ መገረም ነበር። ወዲያው ግን ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ ሰበሰበች።

«እሺ፤ ቅዳሜ ዶክተሩ ጋ ለምን ሄድሽ?»

«ለመለመን» አለች። «ሰባት ዓመት አልወለድኩም። ያልጠጣሁት ሥር፣ ያልጸለየልኝ ሰው የለም። የባሌ አጎት አቶ ጠና ሽማግሌ ይዘው ሊመጡ ነው፤ ፎንቆ አባቴ ቤት መካን ናት ብለው ሊመልሱኝ። ለላም ፍሬ የሚያስቀምጥ ሰው ለኔም መላ አያጣም ብዬ ሄድኩ። ‹እኔ የከብት ሐኪም ነኝ፤ አንቺን መመርመር አልችልም፣ አልተፈቀደልኝም› አለኝ። ለመንኩት። በመጨረሻ ‹ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ጥሪኝ። ለእነሱ የምነግራቸው አለኝ› አለ። ምን እንደሆነ አልነገረኝም። ተስፋ ስላየሁ ነው ያለቀስኩት።»

«ይህን ለማን ተናገርሽ?»

«ለባሌ። ለማን እናገራለሁ ሌላ?»

ሻምበሉ ተነሣ፤ እስክሪብቶውን ዘጋ። አሁን የሚያውቀው ነገር ምን ያህል እንደሚያስጠላው ፊቱ ላይ ይነበባል።

እማማ ጣቢታ ባሏ የሞተባት አሮጊት ናት፤ ቤቷ ከታሸገው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነው። ሻምበሉን በክብር አስገብታ ወንበር ሰጠችው። ስለ እሁድ ሲጠይቃት ግን ምንም አታውቅም፤ ጉልበቷን ሲያማት ተኝታ ነው የዋለችው። እሱ ግን ያየው ቀሚሷን ነበር። በሁለቱ ጉልበቶች ላይ ያ ጥቁር ቡናማ ነጠብጣብ አለ። ሃያ ዓመት እዚህ አገር የኖረ ሰው የእንሰት ውሃ ልብስ ላይ ሲደርቅ እንዴት እንደሚጠቁርና በምንም ሳሙና እንደማይለቅ ያውቃል።

«እማማ፣ እኔ የሚጸልይ ሰው መያዝ ሥራዬ አይደለም። ሽብሩ እሁድ ምድጃዎ ጎን ተቀምጬ ነበር ብሎኛል። ነገ ጠዋት ግን ጵርስቅላን በነፍስ ግድያ ወደ አዲስ አበባ ሊያሻግሯት ነው። ከዚያ በፊት እርባታ ጣቢያው ላይ ሁሉንም እሰበስባለሁ። ይምጡ ብዬ አላዝዝዎትም።»

አሮጊቷ ዘንጓን አንስታ እስከ በሩ ሸኘችው።

ማክሰኞ ጠዋት በዚያች ጠባብ ላቦራቶሪ ጓድ ሀብቴ፣ ሽብሩ፣ ጥላዬ፣ በሁለት ፖሊስ መሐል ጵርስቅላ፣ እንዲሁም የፎንቆ ጉዟቸውን አቋርጠው የመጡት የሽብሩ አጎት አቶ ጠና ተሰበሰቡ። ሻምበሉ በሩን ደጋግሞ አየ። ጣቢታ የለችም። እያማረረ ጀመረ።

«ዶክተር ተገኘ የሞተው፣ ገንቦው ላይ ራሱ እንደጻፈው፣ አየር አጥሮት ነው። ናይትሮጅን ሲፈስ አየር ይሆናል፤ አይሸትም፣ አያስልም። ቀዝቃዛ ስለሆነ ወደ ታች ይወርዳል፤ የምንተነፍሰውን አየር ገፍቶ ቦታውን ይይዛል። ፋኖሱ ላምባ እያለው የጠፋው ለዚህ ነው። ክብሪቶቹ ጭንቅላታቸው ብልጭ ብሎ እንጨታቸው ያልነደደው ለዚህ ነው።»

«ይኸው! አደጋ ነው ማለት ነው» አለ ጓድ ሀብቴ።

«ገንቦው ክዳኑ ክፍት ቢያድር ቀስ በቀስ ይተናል እንጂ ሰው አይገድልም። የፈሰሰው በአንድ ጊዜ ነው። የፈሰሰውም ከዕቃ ቤቱ ነው፤ ከዚያች እርከን ወደዚህ ወረደ። ዶክተሩ ሁለቱንም በርና ሁለቱንም መስኮት ከዚህ በኩል ወትፎ ነበር። የውስጡ በር ጨርቅ ግን የተገኘው በዚያ በኩል ነው። ጨርቁን ስቦ ያወጣው ሰው ዕቃ ቤት ውስጥ ነበር። ቁልፍ ያላቸው ሦስት ናቸው፤ አንዱ ሟቹ፣ ሌላው ንግግር ላይ። ሦስተኛው ቁልፍ የሽብሩ ነው።»

«ወይም የሷ» አለ ሽብሩ በቀስታ።

«ወይም የሷ» አለ ሻምበሉ። «እስኪ ጓድ ሀብቴ፣ ወደ ማይክሮስኮፑ ይቅረቡ። ከስድስቱ ደህናዎቹን ያሳዩኝ። ሥዕሉ ግድግዳው ላይ አለልዎት።»

ጓድ ሀብቴ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ብዙ ቆየ። «ሁሉም ጥቁር ነው» አለ። «አይለይም።»

«ትናንት ጠዋት ከሁሉም በፊት እኔ ሳየውም እንዲሁ ነበር። ሽል ሲሞት የሚይዘውም የማይይዘውም አንድ መልክ ይሆናል። ሁለቱ ደህና፣ አራቱ ፍርፍር መሆናቸውን ሊያውቅ የሚችለው በሕይወት ሳሉ ያያቸው ሰው ብቻ ነው። በሕይወት የነበሩት ደግሞ እሁድ ጠዋት ነው፤ ጥላዬ ከሄደ በኋላ፣ በዚህች ክፍል።»

ሽብሩ ወደ ማይክሮስኮፑ አንድ እርምጃ ቀረበ። «ገምቼ ነው። ብዙ ጊዜ... ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው የሚሆነው። ደግሞ የት እንደነበርኩ ነግሬዎታለሁ። ሻምበል፣ አደራ ብዬዎታለሁ!»

የሻምበሉ ምላስ እዚህ ላይ ተያዘ። የሽብሩን ቃል ለማፍረስ ጸሎቱን ማውጣት አለበት፤ ጸሎቱን ካወጣ ጓድ ሀብቴ ነገ ግማሹን ሰፈር ያስራል። ሽብሩም ይህን አስልቶ ነው የተናገረው። ሻምበሉ በሕይወቱ እንዲህ ታፍኖ አያውቅም።

«እኔ ልናገር» አለ ድምፅ ከበሩ። እማማ ጣቢታ ዘንጓን ይዛ ቆማለች። «ሽብሩ ቤቴ ምድጃ ጎን ተቀምጬ ነበር ብሏል አሉ። እሁድ ቤቴ ደጃፍ የአብዮት ጥበቃ ቆሞ ነበርና ማንም ቤቴ አልገባም። ከወንዙ ማዶ እንሰት ውስጥ ነው የጸለይነው፤ ዝናብ ላይ፣ የእንሰት ቅጠል ቆርጠን እሱ ላይ ተንበርክከን። ጵርስቅላ እጄን ይዛ ነበር፤ ጉልበታችንን እዩት። ሽብሩ አልነበረም። ቢኖር ኖሮ የት እንደነበርን ያውቅ ነበር።»

ጓድ ሀብቴ ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ አወጣ። «የነበሩትን ሰዎች ስም...»

«እስክሪብቶውን ይመልሱት» አለ ሻምበሉ። «እሁድ ኳስ ሜዳው ላይ፣ ከተማው በሙሉ እየሰማ፣ የአገር ላም የፈረንጅ ጥጃ አርግዛለች ብለዋል። ሽሉ ግን የማንም ላም ማሕፀን ሳይገባ ይኸው እዚህ ሳህን ውስጥ ነው። እንግዶቹ ሲመጡ ይህን ታሪክ የሚያውቅ ሁሉ ዝም ቢል የሚሻልዎት ይመስለኛል። ሁላችንም ዝም እንበል።»

እስክሪብቶው ወደ ኪሱ ተመለሰ።

«ለምን?» አሉ አቶ ጠና። «እንደ ወንድሙ ነበር እኮ። ለምን ይገድለዋል?»

ሻምበሉ ወደ ጵርስቅላ አላየም። «ዶክተሩ ለሽማግሌዎቹ የምነግራቸው አለኝ ብሏታል። ስለ እሷ ምን ሊያውቅ ይችላል? አልመረመራትም። ስለዚህ የሚያውቀው ስለ ሌላው ነው። የኮርማ ዘር ጠዋት ማታ በማይክሮስኮፕ የሚያይ ሰው አንድ ቀን የራሱን ማየቱ አይቀርም። ሽብሩ፣ ምን ነበር ያየኸው?»

ሽብሩ ወለሉን አየ። ሲናገር ድምፁ የሚሰማው በጭንቅ ነበር።

«ምንም። አንድም የሚንቀሳቀስ የለም። ዶክተሩም አይቶ አረጋገጠልኝ፤ የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። ‹ለሚስትህ ንገራት› አለኝ። እነግራታለሁ አልኩት። በየወሩ ይጠይቀኝ ነበር።» እንባው ወረደ። «እሁድ ለሽማግሌዎቹ እንዳይነግር ልለምነው መጣሁ። ሳልጀምር ‹ና እይ፣ ሁለቱ ይይዛሉ!› ብሎ እጄን ጎትቶ አሳየኝ። ደስ ብሎት ነበር። በዕቃ ቤቱ በኩል ሸኘኝ። ገንቦውን ሳየው... ጨርቁን ከበሩ ሥር ስቤ ገለበጥኩት፤ ፈስሶ ሲያልቅ መልሼ አቆምኩት። ፋኖሱ ሲጠፋ ይወጣል ብዬ ነበር። በሩን ይከፍታል ብዬ ነበር።»

«አልከፈተም» አለ ሻምበሉ። «ብርዱ ሽሎቹን እንዳይገድላቸው ፈርቶ ክብሪት ይጭር ነበር። እሱ አንድ እጁን ዘርግቶ በሩን ቢገፋው ኖሮ ይተርፍ ነበር፤ ይህን ከማንም በላይ የምታውቀው ደግሞ አንተ ነህ። ውሰዱት።»

ሽብሩን ሲያወጡት ማንም አልተከተለውም። ጥላዬ ግድግዳውን ተደግፎ እንደ ሕፃን ይነፈርቃል። ሻምበሉ የጵርስቅላን እጅ ፈታና ባርኔጣውን ማገላበጥ ጀመረ። ነገሩን ፈታው፤ አንዳች የሚያስደስት ነገር ግን አላገኘበትም።

አቶ ጠና ቆባቸውን አውልቀው ወደ ጵርስቅላ ተጠጉ። ሊመልሷት የመጡ ሰው አሁን ፊቷን ማየት አቅቷቸዋል።

«ልጄ» አሉ፤ «ይቅር በይን። እኛ አላወቅንም።»

ጵርስቅላ ነጠላዋን ከትከሻዋ አነሣችና አስተካክላ ለበሰችው።

«አልጠየቃችሁትማ» አለች። «ሰባት ዓመት ሙሉ እኔን ብቻ ጠየቃችሁ።»

ከዚያ የእማማ ጣቢታን ክንድ ይዛ ወጣች። የዶክተሩ አስከሬን በዚያ ቀን ወደ ዱራሜ ይሄድ ነበርና ሊናገርላት የነበረውን ሰው ለመሸኘት ከለቀስተኞቹ ጋር መኪናው ላይ ተሳፈረች።